የደብረ ታቦር ካፒቴንና አንድ ጀሪካን ጠበል

ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ሰጥሞ አያውቅም። መስጠም የፈለገ ሰው መጀመሪያ መኪና ተሳፍሮ፣ ወረታን አልፎ፣ ጣና ዳር ድረስ መውረድ አለበት፤ ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው ደግሞ ይርበውና ዓሣ በልቶ ይመለሳል። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚሆነውን አልክድም። እሱ ግን ውሃ ሰውን ፈልጎ ሲመጣ ነው። ሰው ውሃን ፈልጎ ሲሄድ በእኛ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። የመርከብ መኮንን ልሆን ስመዘገብ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። የመጀመሪያ የሆነ ሁሉ ደፋር አይደለም፤ አንዳንዱ ሌላው ሰው ያየውን ገደል ያላየ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ማጣት ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ግጥም ስጽፍ ከረምኩ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ያነበቡልኝ ሰዎችም ይህን ወዲያው ያውቃሉ። አንድ ቀን በቴሌግራም ማስታወቂያ አየሁ። ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ባሕር ዳር ላይ አሠልጥኖ፣ ዓለምን በሚዞሩ መርከቦች ላይ መኮንን የሚያደርግ ቦታ አለ ይላል። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ሐኪም ዓይኔን፣ ጆሮዬንና ጥርሴን አየ። እብናት ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ እንደዚያ አያገላብጥም። እሱንም አለፍኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ፎርም ሰጡኝ።

ፎርሙ ላይ «ዋና ትችላለህ?» የሚል ጥያቄ፣ ከጎኑ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይ»። ከሥር በደቃቅ ፊደል፣ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሠልጣኝ በማንኛውም ጊዜ ይሰናበታል የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። እኔ በዕድሜዬ «አይ» የሚል ሳጥን ማንንም ሲያስቀጥር አላየሁም። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ውሸት ነው ለማለትም ማስረጃ የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ሞክሬው አላውቅማ። ያልሞከሩትን ነገር አልችልም ማለት ችኮላ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ ከሩቅ አይቶኝ «ካፒቴን፣ ግባ እንጂ» አለኝ። መጀመሪያ ካዴት የሚባል ሠልጣኝ እንደምሆን፣ ከዚያ ሞተር ክፍል ውስጥ የታናሾች ታናሽ እንደምሆን፣ ካፒቴን የሚባለው ጨርሶ ሌላ ሰው እንደሆነ ፀጉሬ እስኪያልቅ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝና «እሺ ካፒቴን» አለኝ።

የእናቴ ማኅበርተኞች ደግሞ በዝክሩ ቀን ከበቡኝ። መርከብ ላይ ጾም እንዴት እንደሚጾም፣ በጉን ባርኮ የሚያርደው ማን እንደሆነ፣ ውሃው መሀል ሰው ቢሞት ለቅሶው የት እንደሚቀመጥ ጠየቁኝ። ከሁሉም ያስጨነቀቻቸው አንዲት ጥያቄ ግን ሲመሽ መርከቡ የት ያድራል የምትለው ናት። ሌሊትም ይሄዳል ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አውቶቡስ እንኳ ሲመሽ ያድራል። ከመካከላቸው አንዷ ቀስ ብላ ለእናቴ «ይህን ሹፌር አምነሽ ልጅሽን ትሰጫለሽ?» ስትላት ሰማሁ።

ባሕር አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ነበር፤ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ። ምክር ፍለጋ ሱቃቸው ሄድኩ። ሐጂ ባሕሩን የተሻገሩት በአውሮፕላን ነው። ያም ቢሆን ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸውና ተቀምጬ አዳመጥኳቸው። «ልጄ» አሉኝ ክንዳቸውን በጨርቁ ላይ አስደግፈው፣ «ባሕር እንደ ጎረቤት ነው። ከላይ ሲያዩት ሰላም ነው።» ከላይ ብቻ የምታይበት ሥራ ቢሆን ይሻልህ ነበር ብለው ሻንጣ መረቁኝ።

በሽኝቱ ዕለት ግጥም እንዳነብ ተለመንኩ። እውነቱን ለመናገር የለመነኝ የለም፤ ሰው ፀጥ ሲል ተነሣሁ። ባሕርን አይቼ ባላውቅም በሁለት ስንኝ ጠራኋት።

ባሕር ሆይ ጠብቂኝ፣ መጣሁልሽ ብዬ፣
ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰቅዬ።

ተጨበጨበ። ሱሪ ሰቅለው የሚሻገሩት ርብን እንጂ ባሕርን እንዳልሆነ ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

ከሽኝቱ በፊት፣ የምሄድበት ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያቺ የፎርሙ ሳጥን እንቅልፍ ትነሣኝ ጀመር። ዋና መማር ነበረብኝ። ደብረ ታቦር ላይ የት? ስልኬ ውስጥ አንድ ጡንቸኛ ፈረንጅ በደረቅ መሬት ላይ የሚያስተምርበት ቪዲዮ አገኘሁ። ቤት ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ሳሎን ያለው አግዳሚ ላይ በሆዴ ተኛሁና ስልኩን በማሰሮ አስደግፌ እጄን እወረውር፣ እግሬን አራግብ ጀመር። ፈረንጁ አፍህን ወደ ጎን አዙረህ ተንፍስ ይላል። አፌን ወደ ጎን አዙሬ ስተነፍስ በሩ ላይ እናቴ ቆማለች።

አግዳሚውን አየች፤ እኔን አየች፤ ስልኩን አየች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሥ፤ ጠበል እንሄዳለን» አለችኝ። «ሰባት ቀን ትጠመቃለህ።»

ምንም እንዳልያዘኝ ማልኩላት። ሁሉም የተያዘ ሰው እንዲያ እንደሚል ነገረችኝ። ዋና እየተማርኩ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ዋናተኛ ነው ብላ የምታወራልኝ እሷው ናት። ውሸቴ ተገልጦ ከምዋረድ ተለክፏል ብባል ይሻለኛል አልኩና ተከተልኳት።

የሰፈራችን ጠበል ከጉና በኩል የሚወርድ ነው፤ ጉና ደግሞ ብርዱን ሳይሰጥ ውሃውን ብቻ የሚሰጥ ተራራ አይደለም። ድንጋይ ላይ ከተሰካው ቧንቧ ሥር ስገባ የመጀመሪያውን ቀን ትንፋሼ ተቆርጦ የአባቴ ስም ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ተራ ስንጠብቅ ከገሳይ ለጉልበቱ የመጣ አንድ ሰውዬ የቦታውን ሥርዓት አስረዳኝ። ዝም ያለ ሰው ብዙ ይቆያል፤ ጮኾ፣ ማን እንደያዘው ተናግሮ፣ እለቃለሁ ብሎ የማለ ግን ቶሎ ይሸኛል። እሱ ጉልበቱን ምን ብሎ እንደሚያስጮኸው ስላላወቀ ይኸው ሦስተኛ ሱባኤው ነው።

በአራተኛው ቀን ልብሴን አወለቅሁ፤ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ለእናቴ ሰጠሁ፤ ከውሃው ሥር ገባሁና ወደቅሁ።

አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «ማን ነህ አንተ?»

«የባሕር ነኝ» አልኩ፤ ድምፄን በተቻለኝ መጠን አጎርንኜ።

«የት አገኘኸው?»

«ቢሮ። ፎርም ሲሞላ።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከቢሮ ደህና ነገር ይዞ የወጣ የለም።

«ምን ሲያደርግ?»

«ሲዋሽ።»

ትለቃለህ ወይ አሉኝ። እለቃለሁ አልኩ፤ ሦስት ጊዜ ጮኽኩ፤ ዝም አልኩ። እልል ተባለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያን ዕለት ከዕድሜዬ ሁሉ በላይ የተዋጣልኝ ግጥም እሱ ነበር። ጋቢዬን ለብሼ ወደ ቤት ስራመድ ግን እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ቢወጣም ሱባኤው መሙላት አለበት አለች። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቀን ባዶውን ሰውነቴን አስጠመቀችው። በሰባተኛው ቀን ውሃው ሲወርድብኝ መርበትበት ትቼ፣ ትንፋሼን ይዤ እስከ ሃያ መቁጠር ጀምሬ ነበር። እናቴም ከሥሩ ስወጣ የምትጠይቀኝ ስላመመኝ ነገር ሳይሆን ስንት እንደደረስኩ ነበር። የሱባኤው ደንብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ባሕር ዳር ማሠልጠኛው እንደገባን ፀጉራችንን ላጩን፤ ነጭ ልብስ አለበሱን፤ ከወፍ በፊት እያስነሡ አስሮጡን። እኔ ባሕሩን ልማር ነበር የመጣሁት፤ የመጀመሪያውን ወር የተማርኩት አንሶላ አነጣጠፍ ነው። አሠልጣኛችን ጋሽ ምናሴ ይባላሉ። ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በመርከብ ላይ የጨረሱ፣ ፈገግታቸው እንደ ዝናብ በወቅቱ ብቻ የሚመጣ ሰው ናቸው። ከኋላቸው «ጋሽ ምናሴ»፣ ከፊታቸው «ሰር» እንላቸዋለን።

የገመድ ትምህርት ዕለት አጠገቤ የሚያድረው የእብናቱ ልጅ ደሳለኝ፣ የታዘዘውን የመርከብ ቋጠሮ ትቶ በለመደው አኳኋን አሰረ። ጋሽ ምናሴ ሊፈቱት ታገሉ፤ በቢላዋ እጀታ ፈለቀቁት፤ አልሆነም። ይህ የየት አገር ቋጠሮ ነው ሲሉት «የአህያ ጭነት ነው ሰር» አለ። እንዴት እንደሚፈታ ጠየቁት። «እኔ እንጃ ሰር። እኛ ቤት የሚፈታው አባቴ ነው።» ገመዱ ዛሬም ክፍሉ ውስጥ እንደታሰረ አለ።

በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ገንዳው ዳር አሰለፉን። ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ከጫፉ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የሚመስለኝ የብረት ማማ ተተክሏል። ጋሽ ምናሴ ፎርሞቻችንን አንድ በአንድ ገለጡ።

«ሃምሳ ሰው» አሉ። «ሃምሳ ‹አዎ›። ከእብናት ዋናተኛ፣ ከነፋስ መውጫ ዋናተኛ፣ ከደብረ ታቦር ዋናተኛ። ተራራ ላይ ምን ውስጥ እንደተማራችሁት የሚያስረዳኝ አለ?»

በተራ ግቡ አሉ። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ከጫፉ ላይ ቆሜ አግዳሚውን አሰብኩ፤ ፈረንጁን አሰብኩ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ በክርኑ ነካ ሲያደርገኝ ማሰቤን ሳልጨርስ ገባሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰውነት ከባለቤቱ ተለይቶ የሚያስታውሰው ነገር አለው። የእኔ ሰውነት ከራሱ እስከ እግሩ ቀዝቃዛ ውሃ የነካው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ጋሽ ምናሴ በረጅሙ ዘንግ ጎትተው ወደ ዳር ሲያወጡኝ፣ ስሜን ሊመዘግቡ ጎንበስ ብለው «ማን ነህ አንተ?» አሉኝ።

«የባሕር ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ፎርም ሲሞላ ነው ያገኘሁት። ዋና አይችልም። ዋሽቶ ነው።»

ከሰልፉ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው አማተበ። አንዱ በለሆሳስ «ልቀቀው» ሲል ሰማሁ።

ጋሽ ምናሴ እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። «ካዴት፣ ስለማን ነው የምታወራው?»

«ስለኔ ሰር» አልኩ።

ከእኔ በኋላ የሆነው ነገር የንስሐ ወረርሽኝ ነው። ደሳለኝ ውሃውን ሳይነካ ተናዘዘ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የተናዘዘው ሳይጠየቅ ነው። ሰልፉ ሲያልቅ ከሃምሳው ‹አዎ› አርባ ዘጠኙ ‹አይ› ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የሚዋኘው ጣና ዳር ተጠግቶ ያደገው የይፋጉ ልጅ ሙስጠፋ ነበር፤ እሱም እፍረታችንን አይቶ እንደማይችል ሊናዘዝልን ምንም አልቀረው።

ጋሽ ምናሴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሕጉ አሰናብት ይላል፤ ይህን ሁሉ ካሰናበትኩ ግን የማስተምረው ገንዳውን ነው አሉ። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሰጡን። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የሕይወት ጃኬት ለብሶ ከማማው አናት የሚዘል፣ ከዘለለ በኋላም ገንዳውን ዋኝቶ የሚሻገር ይቀራል። የማይዘል በዚያች ሳጥን ምክንያት ሻንጣውን ይዞ በዚያው ቀን ይሄዳል። ሻንጣዬ የሐጂ ኑሩ ምርቃት ነው። እሱን ይዤ ፀጉር አስተካካዩ ፊት ሳልፍ ታየኝ። «ደህና ገባህ፣ ካፒቴን?» ሲለኝ ጭምር ተሰማኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መዋኘቱን ተማርኩት። አያምርም፤ ሙስጠፋ ሲያየኝ፣ ከበረት ያመለጠ ጥጃ የሚያባርር ልጅ ይመስላል ይላል። ቢሆንም ወዲያ ማዶ እደርሳለሁ። ሁሉም ያደነቀልኝ አንድ ነገር ከውሃ ሥር ትንፋሽ መያዜን ነው። የገደለኝ ማማው ነው። ለልምምድ በወጣሁ ቁጥር መሰላሉን እንደ ዝንጀሮ እጨርሰዋለሁ፤ መውጣት የደጋ ሰው ሙያ ነው። አናቱ ላይ ደርሼ ቁልቁል አይና በዚያው መሰላል እወርዳለሁ። ቀሪው ሁሉ አንድ በአንድ ሲዘል እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ወጥቼ ወረድኩ። ጋሽ ምናሴ በመጨረሻ፣ ከዚህ በላይ ብትወጣ የተራራ ወታደር አድርጌ እቀጥርህ ነበር አሉኝ።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ሌላ እናት በላህ ወይ ትላለች፤ የእኔዋ ውሃው በረደ ወይ ትላለች። ፈተናው ነገ ነው ባልኳት ቀን ግን እሺ ብላ ዘጋችው።

በማግሥቱ ጠዋት ፈታኙ መጡ። ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ስለሚመለሱ ቶሎ እንዲጀመር ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። እኛ ብርቱካናማ ጃኬታችንን ለብሰን ተሰልፈናል። ልጁ ሁሉ ከምግብ ቤት ሲወጣ አፉን እየጠረገ ነበር፤ እንቁላልና ሻይ ነው፤ ፈተና ቀን ነውና ጨምረው ሰጥተውታል። እኔ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

በዚህ መካከል በገንዳው በወዲያ በኩል ነጠላ ለብሳ፣ ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ሴት አየሁ። የማውቀው አረማመድ ነው። እንዴት እንደገባች በኋላ ነው የሰማሁት። የበሩ ዘበኛ የገሳይ ሰው ኖሮ፣ ከማን ወገን እንደሆነ ስትጠይቀው በሦስተኛው አያት ላይ ተገናኙ። እናቴ ወደ ገንዳው ተጠጋች፤ ጀሪካኑን አወረደች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ሦስት ጊዜ አማትባ ያለ ችኮላ እስከ ጭላጩ አፈሰሰችው። ከዚያ ለሁላችንም ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

ደሳለኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጠበል ነው እንዴ?»

ጠበል ነው አልኩት። ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሽ ምናሴ የመጀመሪያውን ስም ጠሩ። የተጠራው ልጅ መሬት መሬት እያየ ቁርስ እንደበላ ነገራቸው። ሁለተኛውም በልቷል። ሦስተኛው እንቁላሉን ሁለት ጊዜ ነው የበላው። በልቶ ጠበል የሚገባ ሰው በአገራችን አልተፈጠረም፤ ቢፈጠር እንኳ ከጠበሉ የሚወጣው ሌላ ነገር ሆኖ ነው ይባላል። ጋሽ ምናሴ ወደ ሙስጠፋ ዞሩ፤ ቢያንስ አንተን ይህ አይመለከትህም አሉት። ሙስጠፋ አፈረ። «የሰው ጠበል በልቼ አልደፍርም ሰር» አለ። «እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

ጋሽ ምናሴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ገንዳው ጠርዝ ላይ የረገጡበት ቦታ ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ፈታኙ ሰዓታቸውን አዩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ዝላይ ካላየሁ ሁሉም እንደወደቀ ጽፌ እሄዳለሁ አሉ። ያኔ ነው ጋሽ ምናሴ በባዶ እግራቸው ሰልፉ ፊት ቆመው የጠየቁት።

«ከመካከላችሁ ቁርስ ያልበላ አለ?»

አርባ ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ዞሮ አየኝ። ጓደኛ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ፤ ያለመብላትህን ሳይቀር የሚቆጥርልህ ሰው ነው።

ወደ እናቴ ሄድኩ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ለዚሁ የያዝኳት ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። መሰላሉን ወጣሁ፤ እሱን ማንም አይቀድመኝም። ከአናቱ ላይ ጣና ይታያል፤ አንድ ታንኳ መሀሉ ላይ እንደ ዝንብ ቆማለች። ቁልቁል ሳይ ገንዳው የክብሪት ቀፎ አክሏል። ዘወር ብዬ መሰላሉን አየሁት። ከሥሩ ደሳለኝ ቆሟል፤ እኔ ካልዘለልኩ ማንም እንደማይዘል ያውቃል፤ አህያ እንደሚጭን ሰው ሁለት እጁን በመሰላሉ ላይ አቆላልፎ ይዞታል። ያ እጅ እንደማይፈታ አውቃለሁ። በዚያ በኩል መውረጃ የለም።

ሱሪዬን ሰቀልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዘለልኩ።

መውረዱ ረጅም ነበር፤ አንድ ግጥም ጀምሬ ቤት ሳይመታ ውሃው መጣ። ጆሮዬ ደነቆረ፤ አፍንጫዬ ተቃጠለ። ብርዱ ግን የማውቀው ብርድ ነው። ትንፋሼን ያዝኩ፤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጃኬቱ ሽቅብ መለሰኝ። ራሴ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው።

«አራት» አለች፤ ቅር ያላት ትመስላለች።

ጥጃዬን እያባረርኩ ገንዳውን ተሻገርኩ። ጋሽ ምናሴ ጎንበስ ብለው እጄን ይዘው አወጡኝ። «ማን ነህ አንተ?» አሉኝ፤ ያቺ የወቅት ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ነበረች። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው።

የቀሩት አርባ ዘጠኝ ግን እንደቆሙ ናቸው። ፈታኙ ቦርሳቸውን ማንሣት ጀመሩ። ጋሽ ምናሴ እጃቸውን አጣምረው ወደ እናቴ ሄዱና «እናት፣ ያመጡት እርስዎ ነዎትና መላውንም እርስዎ ይንገሩን» አሏት። እናቴ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ለካችው።

«ልጆቼ» አለች፣ «እኔ ያፈሰስኩት በዚህ በኩል ነው። እናንተ በዚያ በኩል ግቡ።»

ሰልፉ ተያየ። ሁለት ዓመት ዲያቆን የነበረ አንድ ልጅ አሰላሰለና ያስኬዳል አለ። ማማው ደግሞ በዚያ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁሉ እንደ በቆሎ እሸት ከላይ ይረግፍ ጀመር። ሁሉም ዋኝቶ ወደ እኛ ሲመጣ ግማሹ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ታጥፎ ይወጣል። ፈታኙ ይህ ስልት በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ ጋሽ ምናሴን ሲጠይቁ ሰማሁ። የአገር ውስጥ ነው አሏቸው፤ ፈታኙም ሰዓታቸውን አይተው ሁሉንም አለፈ ብለው ጻፉ።

እኔ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልዬ ገንዳው ዳር ተቀመጥኩ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ማለፌን ሳውቅ ያቺ የጠበሉ አራተኛ ቀን ትዝ አለችኝ። አባ ያን ሁሉ ደክመውብኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎልኛል፤ እናቴም ለሐጂ ኑሩ ሳይቀር የባሕሩ መንፈስ ለቀቀው ብላ አውርታለች። ውሃ ሲነካኝ መናዘዝ ደግሞ ልማዴ ሆኗል።

«እማዬ» አልኳት፣ «ያን ጊዜ ጠበሉ ላይ የጮኽኩት እኔው ነኝ። ምንም አልያዘኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗን ከሚረግፉት ልጆች ላይ ሳታነሣ።

«እንዴት አወቅሽ?»

እጇን ጡቷ ሥር ከታ ፌስታሉን አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ሰይጣን የጣለው ሰው ስልኩን ጠቅልሎ ለእናቱ ሰጥቶ አይወድቅም።»

ካወቀች ለምን ሰባቱንም ቀን በዚያ ብርድ እንዳስጠመቀችኝ ጠየቅኋት። ዞራ አየችኝ፤ አግዳሚው ላይ ያየችኝን አስተያየት ነው ያየችኝ።

«ደብረ ታቦር ውስጥ» አለች፣ «ሌላ መዋኛ የት ነበረ?»